ስለ ጤና፦ ዘበኛው ያላወቀው ወባ

የጅቡቲ ከተማ በሦስት ትከፈላለች፤ ክፍሎቿም ራስ ዲካ፥ ቡላኦስና ባልባላ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ቡላኦስ የሠራተኛው፥ የትንሹ ነጋዴና የወደቡ ወዛደር መኖሪያ ነው። በወደቡ አቅራቢያ ያሉትን ቅስት ደጃፍ ያላቸውን ነጫጭ ቤቶች ትቶ ወደ ደቡብ የሚራመድ መንገደኛ፥ በሳንቃና በቆርቆሮ የተሠሩ አሮጌ ቤቶች በብሎኬት ከታነፁ አዳዲሶች ጋር ተደጋግፈው ቆመው ያያል። ባንዱ መንገድ ላይ ሶማልኛው፥ አፋርኛው፥ ዓረብኛውና ፈረንሳይኛው ሲሰማ በመካከሉ «እንደምን አደራችሁ» የሚል አማርኛም ጆሮ ይገባል። ከምድር ባቡሩ ጋር የመጣ የቆየ ጉርብትና ነውና አያስደንቅም።

በቡላኦስ ከማንኛውም ቤት የማይታጣ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም የውኃ በርሜል ነው። አንዱ ከደጃፍ፥ አንዱ ከጣራ ላይ፥ አንዱም ከማጀት ጥግ አስቀምጦታል። ዝናቡ ጥቂት፥ ሐሩሩ ብዙ በሆነበት አገር ውኃ ሳያጠራቅሙ ማደር አይቻልም። አንባቢዎቻችን ይህን በርሜል በአሳባቸው ያኑሩልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚሁ ሰፈር እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉ። ትውልዳቸው ድሬዳዋ ነው። ስማቸውን ባንጽፍ ይሻላል፤ ታሪካቸውን ግን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል። ቡና አፍልተው ካስቀመጡን በኋላ የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን ሕመም እንዲህ ሲሉ አጫወቱን።

«ልጁ ከሰዓት በኋላ ‹ብርድ ብርድ አለኝ› ብሎ ተጋደመ። እንግዲህ በዚህ ሐሩር በረደኝ የሚል ሰው ንዳድ ይዞታል ማለት ነው ብዬ፥ ጣቱን ላስወጋው በሰፈሩ ካለ መርማሪ ዘንድ ወሰድሁት። ወረቀቷም አንድ መስመር ብቻ አወጣች። ‹ወባ የለበትም፤ ጉንፋን ነው› ተባልሁ። እኔስ ምን አውቃለሁ፤ ወረቀቷ ከእኔ ትበልጣለች ብዬ አመንሁ።»

(ንዳድ የሚለው ስም «ነደደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ፤ አባቶቻችን በሽታውን የጠሩት በሚያደርገው ሥራ፥ ማለት ሰውነትን እንደ እሳት በማንደዱ ነው።)

በሦስተኛው ቀን ልጁ ይቃዥ ጀመር፤ የገዛ እኅቱንም ለይቶ ማወቅ ተሳነው። ጎረቤት ታክሲ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እዚያ ደሙን በብርጭቆ ላይ ቀብተው፥ ቀለም ነክረው፥ በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ወባ ቀይ የደም ሕዋሶቹን ሞልቷቸዋል። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። እኛ በሄድን ጊዜ በደጃፉ ላይ ተቀምጦ የትምህርት ቤት ደብተሩን ያገላብጥ ነበር፤ ጉንጩ ግን ገና አልሞላም። እናትየውም ቡናውን እየቀዱ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፤ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ። ወረቀቷ ዋሸች ወይስ ደሙ ዋሸ?»

ይህን ጥያቄ ወዲያው ልንመልሰው አልቻልንም። ወደ ቤታችን ተመልሰን መጻሕፍትና የሐኪሞች መጽሔቶች ካገላበጥን በኋላ ግን፥ መልሱ ዛሬ በዓለም ላይ «አዲስ መድኃኒት» እየተባለ ከሚነገርለት ነገር ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ይህን ሳምንት ለእርሱ ሰጥተነዋል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩ የሚጀምረው «ፀረ እንግዳ አካል» ከሚባለው ነው። ፀር ማለት ጠላት፥ ባላጋራ ማለት ነው። እንግዳ አካል ደግሞ ከሰውነት ወገን ያልሆነ፥ ሳይጠራ የገባ ነገር ነው። እንግዲህ ፀረ እንግዳ አካል ማለት ደማችን ሳይጠራ የገባውን ነገር ለመቃወም የሚሠራው ፕሮቲን ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ዘበኛ» ብንለው ይቀለናል። ነገር ግን ይህ ዘበኛ እንደ ግቢ ዘበኛ የመጣውን ሁሉ «ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚያውቀው አንድ ፊት ብቻ ነው። ያን ፊት ሲያይ ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ በአጠገቡ ቢያልፍ አያየውም።

ይህን ዘበኛ ከእንስሳ ደም ወስደው ለሕመምተኛ መድኃኒት ያደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ ናቸው። በ1890 በበርሊን የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፍ ነገር በእንስሳት ደም ውስጥ መኖሩን አስታወቁ። ቤሪንግም በ1901 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ከፈረስ ደም የሚወጣው መድኃኒት የብዙ ዘበኞች ጭፍራ ነው፤ የሚፈለገውም የማይፈለገውም ተደባልቆ ይመጣል።

አንዱን ዘበኛ ብቻ ለይቶ፥ እርሱኑ በብዛት የማራባት ዘዴ የተገኘው በ1975 ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ኮሎርና ሴዛር ሚልስታይን የሠሩት ሥራ ለሰሚው ይገርማል። ዘበኛውን የሚሠራው ሕዋስ ከሰውነት ሲወጣ ዕድሜው አጭር ነው። የነቀርሳ ሕዋስ ደግሞ ክፉ ቢሆንም አይሞትም፤ ዘወትር ይራባል። ሊቃውንቱ እነዚህን ሁለቱን አጋብተው አንድ አደረጓቸው። የተወለደውም ሕዋስ ካንዱ ወላጁ ዘበኛ መሥራትን፥ ከሌላው አለመሞትን ወረሰ። በዚህ ሥራቸው በ1984 ኖቤልን ከኒልስ የርነ ጋር ተካፈሉ። ዛሬ ለአንዳንድ የደምና የጡት ነቀርሳዎች፥ ለመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ለሌላም ሕመም የሚሰጡት ውድ መርፌዎች ብዙዎቹ የዚሁ ዘዴ ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ቡላኦሷ ወረቀት እንመለስ። እኛም እንደ ብዙ ሰው ይህ የፀረ እንግዳ አካል ነገር በትልልቅ የአውሮፓና የአሜሪካ ሆስፒታሎች ብቻ የሚገኝ ይመስለን ነበር። ስሕተት ነው። ዘበኛው ከእኛ ዘንድ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በየገጠሩ ጤና ኬላ፥ በቡላኦስም ጠባብ መንገድ ተቀምጧል። የወባ መመርመሪያይቱ ወረቀት ራሷ የዘበኞች ቤት ናት።

በወረቀቲቱ አንድ ጫፍ እጅግ በደቀቀ የወርቅ ብናኝ ላይ የተጣበቁ ዘበኞች ተቀምጠዋል። አዎን፥ እውነተኛ ወርቅ ነው፤ ሲደቅ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ቀለም እንዲሆን የተመረጠ ነው። ከጣት የወጣችው የደም ጠብታ ከጥቂት የመድኃኒት ውኃ ጋር በወረቀቲቱ ላይ ስትፈስስ እነዚህን ዘበኞች ይዛ ትሄዳለች። በደሙ ውስጥ የሚፈለገው የወባ ፕሮቲን ካለ ዘበኞቹ ይይዙታል። መካከል ላይ ባለች መስመር የቆሙ ሌሎች ዘበኞች ደግሞ ያንኑ ምርኮኛ ሲያልፍ ያቆሙታል፤ ወርቁም ተከማችቶ ቀይ መስመር ይሆናል። ሁለተኛይቱ መስመር ወረቀቲቱ መሥራቷን ብቻ የምታስታውቅ ናት። ስለዚህ ሁለት መስመር ሲታይ «ወባ አለ»፥ አንዲቱ ብቻ ስትታይ «የለም» ይባላል። ይህ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም፤ መብራትም፥ ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። በእኛ አስተያየት በዘመናችን ለገጠር ሕክምና ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ እንደዚህች ወረቀት የጠቀመ ጥቂት ነው።

ዘበኛው የሚፈልገው የትኛውን ፊት ነው? ፋልሲፓረም ወባ በደም ውስጥ ሲኖር አንድ ፕሮቲን በብዛት ይረጫል፤ ሐኪሞቹ በእንግሊዝኛ ምሕጻር «ኤች አር ፒ ሁለት» ይሉታል። ብዙ ስለ ሆነ በቀላሉ ይያዛል፤ ስለዚህ በአፍሪካ አብዛኞቹ የወባ ወረቀቶች የተሠሩት እርሱን እንዲይዙ ነው። ታዲያ ወባው ይህን ፕሮቲን መሥራቱን ቢተውስ? ማንኛውም ሕያው ነገር ፕሮቲኑን የሚሠራው ከወላጁ በወረሰው ትእዛዝ ነው፤ ያ ትእዛዝ በፈረንጅ አፍ «ጂን»፥ በአማርኛ «ዘረ መል» ይባላል። ትእዛዙ ከጠፋ ፕሮቲኑም ይጠፋል።

የሆነውም ይኸው ነው። በ2010 በፔሩ አገር፥ በአማዞን ወንዝ አካባቢ ይህ ዘረ መል የጎደለባቸው ወባዎች መገኘታቸው ተጻፈ። በ2016 በኤርትራ በጊንዳዕ ሆስፒታል ከተሰበሰቡት የፋልሲፓረም ናሙናዎች መካከል ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ዘረ መሉ የላቸውም ነበር፤ አገሪቱም ወረቀቷን በሌላ ዓይነት ለወጠች። ከጅቡቲ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የመረመሩ የፈረንሳይ ሊቃውንት በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፥ ከፋልሲፓረሞቹ መካከል ከመቶ 86 የሚያህሉት ዘረ መሉን ጥለውት መገኘታቸውን አስታወቁ። በኢትዮጵያም ከኤርትራ፥ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚያዋስኑት የአማራ፥ የትግራይና የጋምቤላ ወረዳዎች በ12,572 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራ በ2021 ታትሟል፤ በዚያም ፋልሲፓረም ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከመቶ አሥር የሚጠጉት በዚሁ ምክንያት በወረቀቲቱ ሳይታወቁ ቀርተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የወረቀቲቱ ዓይነት እንዲለወጥ የሚያዘው ይህ ቁጥር ከመቶ አምስት ሲያልፍ መሆኑን ያስተውሏል።

እንግዲህ ለእኒያ እናት መልሳችን ይህ ነበር። «እትዬ፥ ወረቀቷም አልዋሸችም፥ ደሙም አልዋሸም። ዘበኛው የሚያውቀውን ፊት ጠበቀ፤ ሌባው ግን ያን ፊት ጥሎት መጣ።»

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ታዲያ ሌባውን ፊት መጣል ማን አስተማረው?» አሉን። ከብዙ ሊቅ አፍ ያልሰማነው ጥሩ ጥያቄ ነው። ወባ ማሰብ አይችልም። ዘረ መሉ በአጋጣሚ የጠፋበት ወባ ግን ወረቀት ባለበት አገር ይጠቀማል፤ ወረቀቲቱ ያየችው ሰው መድኃኒት ሲሰጠው በውስጡ ያለው ወባ ይሞታል፤ ያላየችው ሰው ወባውን እንደ ያዘ ይቀራል፥ ትንኝም ከእርሱ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች። ሊቃውንቱ ለመስፋፋቱ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ያስረዳሉ። መልካሙ ወረቀት ራሱ በሥራው ብዛት ወባን እየመረጠ አሳደገ ማለት ነው።

አሁን በርሜሉ ተራው ነው። በቡላኦስ የኖሩ ሽማግሌዎች «በእኛ ጊዜ በከተማው ወባ እምብዛም አልነበረም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ2012 በጅቡቲ አገር በሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ። በ2020 ከ73,000 በላይ ሆኑ። በዚያው በ2012 በከተማይቱ አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ተገኘች። ይህች ትንኝ የሕንድ፥ የኢራንና የዓረብ አገር ተወላጅ ናት። የአፍሪካ ወባ ትንኞች የሚወዱት የገጠሩን ኩሬና ረግረግ ሲሆን፥ ይህችኛይቱ የከተማ ሰው ናት፤ ንጹሕ ውኃ ባለበት በርሜል፥ በታንከር፥ በሕንፃ ሥራ ገንዳ ውስጥ ትፈለፈላለች። በሙቀት አገር እንቁላሏ አንድ ሳምንት በሚያህል ጊዜ የምትበርር ትንኝ ይሆናል።

በኢትዮጵያ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች። በድሬዳዋ በ2019 ዓመቱን በሙሉ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 205 ሲሆኑ፥ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ 2,425 ሆነው ተገኙ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ከታመሙት መካከል ነበሩ። ምርመራው ትንኟ ከታማሚዎቹ ቤትና መኝታ አጠገብ ባሉ የውኃ ማጠራቀሚያዎች መገኘቷን አሳየ። የድሬዳዋዋ ተወላጅ ይህን ስንነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፥ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ ከተሞች ኑሮ ተመሳሳይ ነው፤ አሁን ደግሞ በሽታቸውም ተመሳሰለ።

እንግዲህ «አዲስ መድኃኒት» ስለሚባለው እንናገር። በ1961 በጋምቢያ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች ወባ ደጋግሞ ይዟቸው ከለመዱት ጎልማሶች ደም ዘበኞቹን ለይተው በብርቱ ለታመሙ ሕፃናት ወጉ፤ በሕፃናቱም ደም ውስጥ የነበረው ወባ እጅግ ቀነሰ። ዘበኛ ወባን ሊያሸንፍ መቻሉ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን የጎልማሳውን ሁሉ ደም እየቀዱ ለሕፃን መስጠት ለሕዝብ የሚሆን ዘዴ አይደለም፤ ነገሩ ስድሳ ዓመት ያህል ጠበቀ።

ከዚያ በአሜሪካ አገር የወባ ክትባት ሙከራ ከተደረገለት ሰው ደም አንድ እጅግ ብርቱ ዘበኛ ተለይቶ ወጣ። ሊቃውንቱ በደም ውስጥ ቶሎ እንዳያልቅ ጥቂት ለውጥ አድርገውበት «ሲአይኤስ 43 ኤልኤስ» አሉት። በ2021 በታተመው ሙከራ ይህን መርፌ የተወጉ ዘጠኝ ፈቃደኞች ወባ ባለባቸው ትንኞች ሆን ተብሎ ተነከሱ፤ አንዳቸውም አልታመሙም። መርፌውን ካልተወጉት ስድስት መካከል ግን አምስቱ ወባ ያዛቸው። ቀጥሎ ሙከራው ወደ ማሊ አገር፥ ካሊፋቡጉና ቶሮዶ ወደሚባሉ መንደሮች ሄደ። በዚያ በ330 ጎልማሶች ተፈትኖ፥ ከፍ ባለው መጠን አንድ ጊዜ ብቻ መወጋት በስድስት ወር የወባ ወራት ከመቶ 88 ያህል መከላከሉ በ2022 ተገለጸ። ታናሽ ወንድሙ የሆነው «ኤል 9 ኤልኤስ» ደግሞ በቆዳ ሥር የሚወጋ ነው፤ በማሊ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ባሉ ልጆች ተፈትኖ በትልቁ መጠን ከመቶ 77 ያህል ከወባ ሕመም እንደ ጠበቃቸው በ2024 ታትሟል።

አንባቢው «ይህስ ከክትባት በምን ይለያል?» ይል ይሆናል። ክትባት ሰውነትን ዘበኛ መቅጠር ያስተምረዋል፤ ይህ ደግሞ የተቀጠረውን ዘበኛ ራሱን ያስገባል። መርፌው እንደ ተወጋ ሥራ ይጀምራል፤ ከወራት በኋላ ግን ዘበኛው አርጅቶ ይሄዳል፥ ሌላ መቅጠር ያስፈልጋል።

የቡላኦስን ወረቀት ታሪክ የሰማ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም፤ እኛም አላለፍነውም። ይህኛው ዘበኛ የሚጠብቀው የትኛውን ፊት ነው? ወባስ ያን ፊት እንደ ቀድሞው ሊጥለው አይችልምን?

የተመረጠው ፊት ወባው ከትንኝ ምራቅ ጋር ወደ ሰው ሲገባ የሚለብሰው ልብስ ነው። ያ ልብስ ከሌለው በትንኟ ውስጥ ሊያድግ፥ ወደ ሰው ጉበትም ሊገባ አይችልም። ስለዚህ እንደ «ኤች አር ፒ ሁለት» ጥሎት መኖር አይሆንለትም። ዘበኛው የሚይዘውም የልብሱ ክፍል በልዩ ልዩ አገር ካሉ ፋልሲፓረሞች ሁሉ እጅግ ጥቂት የሚለወጥ ነው። የመረጡት ሰዎች በዚህ ብልሆች ናቸው፤ ሌባን በባርኔጣው ሳይሆን ያለ እርሱ መራመድ በማይችለው እግሩ ለመያዝ አስበዋል።

ነገር ግን ልብሱ የፋልሲፓረም ልብስ ነው። በጅቡቲና በኢትዮጵያ ቫይቫክስ የሚባል ሁለተኛ ወባም አለ። ቫይቫክስ ልብሱ ሌላ ነው፤ ይህ ዘበኛ አያውቀውም። ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተኝቶ ቆይቶ የሚነሣ ተንኮለኛ ነው። በማሊ መንደሮች የሚያስጨንቀው ፋልሲፓረም ነውና የማሊው ቁጥር ደስ ያሰኛል፤ ያንኑ ቁጥር ግን እንዳለ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ቡላኦስ ማምጣት አይገባም። የአንዱን አገር መድኃኒት ወደ ሌላው አገር ከማምጣት በፊት የዚያን አገር ሌቦች መቁጠር ያስፈልጋል። መርፌውም ገና በሙከራ ላይ ያለ እንጂ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ አይደለም።

በዘረ መል የሚደረገው ሕክምና ከዚህም የራቀ ነው። እንግሊዝና አሜሪካ በ2023 መጨረሻ ለማጭድ ሕዋስ የደም ሕመም አንድ እንዲህ ያለ ሕክምና ፈቅደዋል። ከሕመምተኛው የደም ሕዋሶችን የሚወልዱት ሕዋሶች ይወጣሉ፤ ዘረ መላቸው በላቦራቶሪ ታርሞ ይመለሱለታል። የዋጋው ነገር ግን ያስደነግጣል፤ በአሜሪካ ለአንድ ሰው ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነው። የሚያስገርመው ይህ የደም ሕመም ራሱ የወባ ልጅ መሆኑ ነው። ሐኪሙ አንቶኒ አሊሰን በ1954 እንደ ገለጸው፥ የማጭዱን ዘረ መል ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ሰው ከብርቱ ወባ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰው ግን ይታመማል። ወባ ባለባቸው አገሮች ሕመሙ የበዛው ስለዚህ ነው። ወባ በሰው ዘረ መል ላይ እንኳ እጁን ጽፎበታል።

ወደ ጅቡቲ ስንመለስ ደግሞ ዘረ መሉ የታረመው የሰው ሳይሆን የትንኝ ሆኖ እናገኘዋለን። ሜይ 23 ቀን 2024 በአምቡሊ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች የስቴፈንሲ ትንኞች ተለቀቁ። ወንድ ትንኝ ሰው አይነክስም። በእነዚህ ውስጥ የተጨመረው ዘረ መል ግን የሚወልዷቸው ሴቶች ልጆች ሳያድጉ እንዲሞቱ ያደርጋል፤ የምትነክሰውና ወባ የምታስተላልፈው ሴቲቱ ናትና አሳቡ ቁጥሯን መቀነስ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ሥራ ሰው በሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ አንዱ ደስ ይለዋል፥ ሌላው ይፈራል። እኛ የምንለው አንድ ነው፤ የሚፈራውን ሰው «አላዋቂ» ብሎ ማለፍ ትክክል አይደለም። የገዛ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚለቀቅ መጠየቅ የነዋሪው መብት፥ በሚገባው ቋንቋ መመለስም የባለሥልጣኑ ግዴታ ነው። ይህን ጋዜጣ የሚያነቡና አማርኛ የሚማሩ ሹማምንት አንድ ቀን እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ቆመው «ዘረ መል» የሚለውን ቃል ለእንጀራ ጋጋሪ እናት ማስረዳት ይደርስባቸው ይሆናል፤ ከወዲሁ ቢለማመዱት አይጎዱም።

በቡላኦስ ያደረግነውን ጉብኝት ስንጨርስ ወይዘሮዋ እስከ ደጃፍ ሸኙን። ስለ ማሊው መርፌ የነገርናቸውን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ነበር። «መቼ ይመጣል?» ብለው አልጠየቁንም፤ ይልቁንም የጠየቁት «እስከዚያው ልጁ ቢያተኩሰው ምን ላድርግ?» ብለው ነው። የነገርናቸውን እዚህም እንጽፈዋለን። ወረቀቲቱ «ወባ የለም» ብላ ትኩሳቱ ካልበረደ ነገሩ በዚያ አያልቅም፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መጠየቅ፥ ወይም ያን የጎደለውን ፕሮቲን ሳይሆን ሌላውን የሚፈልግ ዓይነት ወረቀት እንዳለ ማስጠየቅ ይገባል። የሚቃዥ፥ የሚያስመልሰው፥ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የወባ ክኒን ከጎረቤት ተበድሮ በግምት መዋጥ ግን ሌላ ጉዳት ነው።

በርሜላቸውንም አየነው። ክዳን አለው፤ ነገር ግን ክዳኑ ተጣሞ በአንድ ወገን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረበት። ትንኝ ደግሞ ከጣት ትቀጥናለች። ልጁ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አሮጌ ነጠላ አመጣና ከክዳኑ በታች ወጥሮ በገመድ አሠረው። እናቱ «ነጠላዬን!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያው ግን ሳቁ።

በሚመጣው ሳምንት የውኃ በርሜልና የጣራ ታንከር አከዳደን፥ በየሳምንቱም የውስጥ ግድግዳው እንዴት እንደሚፈገፈግ በሥዕል አድርገን እናወጣለን።